ታናሽ ወንድሜ ጋንጃ ያጨሳል፤ የጠፋው ማስታወስ ይመለሳል?

ታላቅየዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ልጁ ከተኛ በኋላ ነው።

ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው፤ አስረኛ ክፍል። እናታችን ዐረብ አገር ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት። ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ልጁ ጎበዝ ነበር። የቤታችን ስልክ ማውጫ እሱ ነበር፤ ቁጥር አንዴ ከሰማ አይረሳም።

ዘንድሮ ሌላ ሰው ሆነብኝ። ባለፈው ቅዳሜ አራት ነገር እንዲገዛ ሱቅ ላክሁት፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ሽንኩርት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሳሙና ብቻ ይዞ መጣ። መልሱንም ባለሱቁ ጋ ትቶት። «ምን ነበር ያልሽኝ?» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ልብሱን ሳጥብ ኪሱ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ሲጋራ አይደለም። ሽታውን አውቀዋለሁ፤ ፒያሳ ያደገ ሰው የማያውቀው ሽታ የለም። ስጠይቀው አልካደም። ከጀመረ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። አሁን አሁን በሳምንት አራት አምስት ቀን ያጨሳል። ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ አደጎቹ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ፤ ዛሬ አብረውት የሚውሉትን ልጆች አላውቃቸውም።

ጮህኩበት። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ እዚህ መጣሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ጭንቅላቱ ተበላሽቷል ወይስ ይመለሳል? ለእናቴ ገና አልነገርኳትም። «ድሮም በደንብ ስላልያዝሽው ነው» የምትሉኝ ካላችሁ እባካችሁ እለፉኝ፤ እሱን ለራሴ በየሌሊቱ እለዋለሁ።

የጊዮርጊስ ጎረቤት | ከምሽቱ 4:20

አይዞሽ እህቴ። ጸበል ውሰጂው። እንጦጦ ስንቱ ድኖ ወርዷል። ደግሞ አትጩሂበት፤ ይሄ ልጅ ካንቺ ሌላ ማን አለው?

ነጻ ሰው | ከምሽቱ 4:45

ምን አስለቀሰሽ? ሳር እኮ ነው። ፈጣሪ ያበቀለው ሳር። በየቤቱ ጫት ይቃማል፣ በየጥጉ አረቄ ይጠጣል፣ እሱን ማንም አይናገርም። አሜሪካ ሐኪም ያዝዘዋል። እኔ ዐሥር ዓመት አጭሻለሁ፤ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ግብሬን እከፍላለሁ።

ቡና አፍሉ | ከምሽቱ 4:50

@ነጻ ሰው በስንት ዓመትህ ነው የጀመርከው?

ነጻ ሰው | ከምሽቱ 4:58

በ24። ምነው?

ቡና አፍሉ | ከምሽቱ 5:01

ምንም። ልጁ በ15 ነው የጀመረው።

ሲስተር ከልደታ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ አሁን ነው ያየሁት። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

@ቡና አፍሉ የጠየቀችው ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ዋናው ጉዳይ ዕድሜው ነው።

በጭንቅላታችን ውስጥ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ ከጋንጃ ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር አለ። በ1992 (እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ነው የተገኘው። አናንዳማይድ ይባላል፤ «አናንዳ» በሳንስክሪት ደስታ ማለት ነው። ሥራው እንደ ትራፊክ ፖሊስ ነው። አንድ የነርቭ ሴል መልእክት አብዝቶ ሲልክ «በቃህ፣ ቀስ በል» ይለዋል። ብቅ ይላል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ወዲያው ይጠፋል። የሚሠራውም በሚፈለግበት ቦታ ብቻ ነው።

የጋንጃው ዋና ቅመም ቲኤችሲ ነው። ራፋኤል መሹላም የሚባል የእስራኤል ኬሚስት ከባልደረባው ጋር በ1964 ለይቶ አወጣው። ቲኤችሲ የትራፊኩን ዩኒፎርም ለብሶ ይገባል። ግን አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ አይቆምም፤ ከተማውን በሙሉ ይቆጣጠራል። ቶሎም አይወጣም፤ ለሰዓታት ይቆያል። ስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ አዘውትሮ ያጨሰ ሰው ካቆመ ከሳምንታት በኋላም ሽንቱ ላይ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ወደ ሱቁ ልምጣ። አዲስ ነገር የምንመዘግብበት የአንጎል ክፍል ሂፖካምፐስ ይባላል። ቲኤችሲ የሚያርፍባቸው ቦታዎች እዚያ በብዛት አሉ። ስለዚህ ሰው በጋንጃ ውስጥ እያለ የተነገረው ነገር መጀመሪያውኑ አይመዘገብም። ወንድምሽ «ሽንኩርት» የሚለውን አልረሳውም፤ አልገባም። ያልገባ ነገር ደግሞ ቢፈለግም አይገኝም። የድሮውን የጎረቤት ስልክ ብትጠይቂው ምናልባት እስከ ዛሬ ይነግርሻል። ሞክሪው።

የዕድሜው ነገር ደግሞ ይሄ ነው። አንጎል ሠርቶ የሚጨርሰው በሃያዎቹ አጋማሽ ነው። መጨረሻ የሚበስለው የፊቱ ክፍል ነው፤ ማቀድ፣ ራስን መግታት፣ «ነገ ፈተና አለብኝ» ማለት ከዚያ ይመጣል። በ15 እና በ16 ዓመት አንጎል የማያስፈልገውን ግንኙነት ይቆርጣል፣ የቀረውን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ይሸፍናል። ይህን ሥራ ከሚመሩት አንዱ ያው የትራፊክ ፖሊሱ ነው። ሌላ ሰው ዩኒፎርሙን ለብሶ መሀል ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቢው። በአውሮፓ 799 ልጆችን በ14 ዓመታቸው፣ ከዚያ ከአምስት ዓመት በኋላ እንደገና በኤምአርአይ አይተዋቸው ነበር። ያጨሱት ልጆች የፊቱ የአንጎል ክፍል ቅርፊት ከሌሎቹ የበለጠ ሳስቶ ተገኘ።

ይመለሳል ወይ? አብዛኛው ይመለሳል። በ2018 የወጣ የቦስተን ጥናት አለ። ከ16 እስከ 25 ዓመት ያሉ 88 አጫሾች ነበሩ። ከፊሎቹ ለአንድ ወር እንዲያቆሙ ተደረገ፤ ሌሎቹ ቀጠሉ። ያቆሙት አዳዲስ ቃላት የመያዝ ችሎታቸው ተሻሻለ። መሻሻሉ በአብዛኛው የታየው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አንድ ሳምንት! ለእኔ ከሁሉም የሚያጽናናው እሱ ነው።

ታላቅየዋ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥራ ላይ ሆኜ እንባዬ መጣ። የድሮ ጎረቤታችንን ስልክ ማታ እጠይቀዋለሁ።

ነጻ ሰው | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ሲስተር በአክብሮት ነው፤ ግን አንድ ወገን ብቻ ነው የነገሩን። ጋንጃ አይኪው (በፈተና የሚለካውን የማሰብ ችሎታ) ይቀንሳል የሚለው የኒውዚላንድ ጥናት ተተችቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ መንትዮችን አነጻጽረው ነበር። ከመንትዮቹ አንዱ ያጨሳል፣ ሌላው አያጨስም። የአጫሹ አይኪው ከማያጨሰው ወንድሙ የበለጠ አልቀነሰም። ታዲያ ችግሩ ሳሩ ነው ወይስ ቤቱ?

ሲስተር ከልደታ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ወንድሜ ትክክል ነህ፣ ያን ጥናት አለመጥቀሴ ስህተት ነው። ተኝቼ ስለተነሳሁ አሁን ልሙላው።

የኒውዚላንዱ የዱነዲን ጥናት ነው። በ1972 እና 73 የተወለዱ 1,037 ልጆችን እስከ 38 ዓመታቸው ተከተለ። በጉርምስና ጀምረው ሱሱ ለዓመታት የቆየባቸው በአማካይ 8 የአይኪው ነጥብ አጡ። ከ18 በኋላ የጀመሩት ላይ ያን ያህል አልታየም። ከዚያ «ድህነቱና የቤት ሁኔታው ነው እንጂ ጋንጃው አይደለም» የሚል ትችት መጣ። የመንትዮቹም ጥናት ያንን ያጠናክራል። ክርክሩ አላለቀም። በ2018 ደግሞ 69 ጥናቶች አንድ ላይ ተገምግመው ነበር። ውጤቱ፤ ጉዳቱ አለ፣ ግን ትንሽ ነው፣ ከ72 ሰዓት በላይ ሲቆም ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል።

ስለዚህ «አንጎሉ አለቀ» የሚል ሰው ያጋንናል። «ምንም አይደለም» የሚልም ያጋንናል፤ በሌላኛው አቅጣጫ። አይኪው እንዳለ ቢቆይ እንኳ፣ በሳምንት አምስት ቀን የማይመዘግብ ልጅ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

ሐኪም ያዝዘዋል ላልከው፤ በ2018 አሜሪካ ለአንዳንድ ከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ የተፈቀደ ከዕፁ የወጣ መድኃኒት አለ። እሱ ግን ሲቢዲ ነው፤ የሚያሰክረው ቲኤችሲ አይደለም። ማጨስን ሕጋዊ ያደረጉት የአሜሪካ ግዛቶችም ለመዝናኛ የሚፈቅዱት ከ21 ዓመት በላይ ላለ ሰው ነው። ካናዳ በ2018 ስትፈቅድ ኩቤክ ኋላ ላይ ዕድሜውን ወደ 21 ከፍ አደረገችው። ነጻ ያወጡት አገሮች እንኳ ለ16 ዓመት ልጅ አልፈቀዱም።

ደግሞ የዛሬው ዕፅ የድሮው አይደለም። አሜሪካ በፖሊስ በተያዘው ላይ በ1995 ቲኤችሲው 4 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2014 ወደ 12 በመቶ ደረሰ።

ነጻ ሰው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:30

ተቀብያለሁ። ለ16 ዓመት ልጅ እኔም አልሰጥም።

የቾክ አቧራ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ነኝ፤ መሀል ከተማ ነው የማስተምረው። ታላቅየዋ፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ክፍሌ ውስጥ የሚረሱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ግማሾቹ ጋንጃ አይተው አያውቁም። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስልክ ላይ ነው የሚያድሩት። ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ አሉ። ከሰዓት ጫት የሚቅሙ አሉ። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ዕፅ አታሳብቢ፤ እንቅልፉንም እዪው።

የሚያጨሱትን ግን በአንድ ምልክት አውቃቸዋለሁ። ሰሌዳውን አሳምረው ይገለብጣሉ። ደብተራቸው ንጹሕ ነው። «ሦስተኛው መስመር ላይ ለምን በሁለት አካፈልን?» ስትላቸው ሁለተኛው መስመር ጠፍቷል። እጃቸው ይጽፋል፣ ራሳቸው የለም።

ድሮ አጫሽ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት

ሳነብ ከርሜ ዛሬ ልጻፍ አልኩ።

ካዛንቺስ ነው ያደግኩት፤ ሰፈሩ ሳይፈርስ። በ15 ጀመርኩ፣ በ23 አቆምኩ። አሁን 31 ነኝ። የእኛ ዙር የታወቀ ነበር። ከሰዓት ጫት፣ ምርቃናው ሲከብድ ማብረጃ ጋንጃ፣ ማታ ጨብሲ። ጓደኞቼ ቀልደኛ ነበሩ፤ ቀልዳቸውን ግን አንዱንም አላስታውሰውም። እንደሳቅን ብቻ ነው የማስታውሰው።

ሳቆም የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀናት ሲኦል ነበሩ። እንቅልፍ የለም። ሲመጣም እንግዳ ሕልም ነው፤ ሟች አያቴን በየሌሊቱ አየኋት። እናቴ ሻይ ስትሰጠኝ እንኳ እነጫነጭ ነበር። ምግብ አይበላልኝም። ከዚያ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። በወሩ መጽሐፍ ሳነብ የቀደመውን ገጽ ሳልመልስ መቀጠል ቻልኩ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ዓይኔ የበራ ያህል ነበር።

ማስታወሱ ተመለሰልኝ። ያልተመለሰው ሌላ ነው። ዘጠነኛ፣ አስረኛ፣ አስራ አንደኛ ክፍል ውስጤ የሉም። ሥራ ቦታ ልጆቹ «በመቶኛ አስላው» ሲሉኝ ስልኬን አወጣለሁ። ወደ ኋላ ዞሬ ስፈልግ የማስታውሰው ነገር የለኝም፤ ያኔ ምንም አላስገባሁማ። አስራ ሁለተኛን የወሰድኩት በ27 ዓመቴ ነው፤ በማታ ትምህርት፣ ከእኔ በዐሥር ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር። ሳፍር ሳፍር አለፍኩ።

እህቴ፣ ወንድምሽ ገና አስረኛ ነው። አንድ ዓመት ነው የሄደበት። አንድ ዓመት ይካካሳል።

የቾክ አቧራ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:10

@ድሮ አጫሽ መቶኛውን በአንድ ቅዳሜ አስተምርሃለሁ። ቀልዴን አይደለም። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ሕግ አዋቂ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

የሰፈር ሰው «ፖሊስ ጥሩበት፣ ይደንግጥ» ሊልሽ ይችላል። ከመስማትሽ በፊት ይህን እወቂ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ማዘዋወሩ ብቻ ሳይሆን መጠቀሙም ያስቀጣል። ልጁ ደግሞ 15 አልፏል፤ ዳኛ ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም የሚዳኘው በመደበኛው ሕግ ነው። ለማስደንገጥ ብለሽ የከፈትሽውን መዝገብ አንቺ አትዘጊውም።

ታላቅየዋ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ሁላችሁንም አነበብኩ፤ አንዳንዱን ሦስቴ።

ስልኩን ጠየቅኩት። የድሮ ጎረቤታችንን የእትዬን ቁጥር ሳያስብ ነገረኝ። ከዚያ ራሱ ገርሞት ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ አብረን ሳቅን።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። የእናታችን ወንድም፣ አጎታችን፣ ለዓመታት አማኑኤል ሆስፒታል ይመላለስ ነበር። ድምፅ ይሰማው ነበር። ቤት ውስጥ ስለማይወራ እኔም ዘነጋሁት። ይሄ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ሲስተር ከልደታ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:15

ይገናኛል። ጥሩ አደረግሽ ነገርሽን። እስካሁን ከተወራው ሁሉ ለእኔ ይህ ይበልጣል።

ስዊድን ውስጥ በ1969 እና 70 ለውትድርና የተመዘገቡ ከ45 ሺህ በላይ ወጣቶች ለ15 ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር። ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት ካላጨሱት ጋር ሲነጻጸሩ ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ ከባድ የአእምሮ ሕመም) የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ወጥቷል፤ ቁጥሩ ይለያያል፣ አቅጣጫው ግን ያው ነው። በልጅነት መጀመር፣ አዘውትሮ ማጨስ፣ በቤተሰብ ውስጥ ሕመሙ መኖር። ሦስቱ ሲገናኙ ነው የሚያሰጋው። ወንድምሽ ሦስቱም አሉት።

ልብ በይ፤ የሚያጨሱ አብዛኞቹ አይታመሙም። ሊታመም ነው ማለቴ አይደለም። ግን ይህ ልጅ እንደ ሌላው ልጅ «ቀስ ብሎ ይተዋል» የሚባል አይደለም። ሰው ያማኛል፣ ይከታተሉኛል ማለት ጀምሯል? ብቻውን ያወራል? ከጓደኞቹም ጭምር ራሱን አግልሏል? ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ቀን አትቁጠሪ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ካላየሽም በዚህ ወር ውሰጂው። አማኑኤል የሚሄድ ሰው እብድ ነው የሚለውን ወሬ እርሺው።

ታላቅየዋ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:22

እስካሁን አላየሁም። በአንዴ ያቁም ወይስ እየቀነሰ?

ሲስተር ከልደታ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:30

በአንዴ ማቆም ይችላል። እንደ አልኮል ሱስ ሲቆም ሕይወት ላይ አደጋ የሚያመጣ አይደለም። ንጭንጩና እንቅልፍ ማጣቱ የሚብሰው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ድሮ አጫሽ በደንብ ነግሮሻል። ያን ሳምንት አትጨቃጨቂው። ለዚህ ሱስ ተብሎ የተፈቀደ ክኒን የለም፤ ሕክምናው በዋናነት ምክክር ነው። «ለሱሱ መርፌ አለኝ» የሚልሽ ካለ ገንዘብሽን ይዘሽ ውጪ።

የጊዮርጊስ ጎረቤት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

እኔም ጸበሉን አልተውኩም፤ ሐኪሙም ይሁን። አጎቱ ሲታመም ቤተሰቡ አንዱን ብቻ መርጦ ይሆናል።

ታላቅየዋ | ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ

ጠፍቼ ነበር፤ ይቅርታ። የሆነውን ልነግራችሁ መጣሁ።

ያወራነው ቤት ውስጥ አይደለም። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በእግራችን ወጣን። ጎን ለጎን ሲሄዱ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ለካ እሱ ይሻላል። ጋንጃ አጥፊ ነው አላልኩትም። «ሱቅ ስልክህ ተመልሰህ ስትጠይቀኝ ፊትህን አየሁት፤ ፈርተህ ነበር» አልኩት። የካቲት 12 ሆስፒታል ጋ ስንደርስ ቆመ። «ኬሚስትሪ አንድ ገጽ ለማንበብ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል። ደደብ የሆንኩ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ደደብነቱን ለመርሳት ያጨሳል፤ ሲያጨስ ይብስበታል። ይህን ዙር ለዓመት ብቻውን ሲዞር ነበር።

የአጎታችንን ነገርም ነገርኩት። ዝም አለ። ማንም ነግሮት አያውቅም።

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ሰው በተሞላበት «ሀሺሽ የሚያጨሰው እሱ ነው?» ብላ ጮኸች። ወጥቶ ሄደ። ልቤ ተሰበረ። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ቦታ ሞከርን። እዚያ ያየው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ኳስ ነበር።

አንዴ ወድቋል፤ በሦስተኛው ሳምንት። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ለእናቴም ነገርኳት። አልጮኸችም። ስለ ወንድሟ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችኝ።

ትናንት ሱቅ ላክሁት። ሆን ብዬ አራት ነገር፤ ሳልጽፍለት። ዘይት፣ ሳሙና፣ ሽንኩርት ይዞ መጣ። መልሱንም ቆጥሮ ሰጠኝ። ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመና «አንድ ነገር ይቀረኛል፤ አትንገሪኝ» አለ። ቆየ። ቆየ። አልመጣለትም።

ድሮ አጫሽ | እሑድ

ክብሪት!

ቡና አፍሉ | እሑድ

ክብሪቱ ቢረሳ ይሻላል እንዴ 😂

ሲስተር ከልደታ | እሑድ

እልል! ክብሪቱ ይቅር። ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው?

ታላቅየዋ | እሑድ

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። እሱ ነው ያስታወሰኝ።